የዓሦቹ ሠርግ ቤት

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 2015

ሥራ ጀመርኩ! በአንድ ቀን አንድ መቶ ሃያ ፎቶ ጨረስኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠላቂዎች ከባሕር ወለል ያነሡት ፎቶ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ በላዩ ላይ ሃምሳ ነጥብ ይበትናል፣ እኔ ደግሞ በየነጥቡ ሥር ያለው ምን እንደሆነ እመዘግባለሁ። ሕያው ኮራል፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ። የሞተ ኮራል። አሸዋ። አልጌ። ሕያው፣ የሞተ፣ አሸዋ። ወደ ቤታችን ወደ ሪችመንድ ስመለስ ባርት ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ፊት ላይ ሁሉ ነጥብ ይታየኝ ነበር።

ቢሮው ዳውንታውን ኦክላንድ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጥርስ ሐኪም በላይ። በጠቅላላው ስድስት ሰው ነን። አለቃዬ ዶክተር ቢሌን ናት። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ አዲስ አበባ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ነው እዚህ የመጣችው። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ኢንተርቪው ላይ ብቻ አንድ ጊዜ "ጎበዝ" አለችኝ። ያቺን ቃል ሳምንት ሙሉ ይዣት ዞርኩ።

ጃንዋሪ ላይ ከጅቡቲ የሚነሣ የጥናት መርከብ አለ። ዘንድሮ ውቅያኖሱ ሁሉ ስለሞቀ ኮራሉ በያለበት እየነጣ እየሞተ ነው፤ ሙቀቱን የሚችለው የት የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው። መርከቡ ላይ ለረዳት የሚሆን አንድ አልጋ አለ። ቢሌን "ያንቺ ነው፣ ነገር ካላበላሸሽ" ብላኛለች።

ለእማ ስነግራት "ዋና ትችያለሽ እንዴ?" አለችኝ። የጠላቂነት ሰርተፊኬቴን ሳሎን የሰቀለችው ራሷ እማ መይሙና ናት እኮ!


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 24። አረፋ

ከሶላት በኋላ እማ ጋሽ የሱፍን ምሳ ጠራቻቸው። ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን አላቸው፣ መስጊድ ውስጥ እሳቸው ያልሸኙት ሰው የለም። እኔ ግን ባለ ቫኑ ሽማግሌ ከመሆናቸው በላይ ምንም አላውቅም ነበር።

እማ "ስለ ሥራሽ ንገሪያቸው" አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

"ይሄ መርጃን ነው፣ ኮራል የምትሉት። ይሄ ባለ ቀንዱ። ይሄኛውን ስትረግጪው ሳምንት ሙሉ እግርሽ ይመግላል።" ከዚያ ቀና አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ለማየት ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ? እኛ እኮ በነፃ ነበር የምንረግጠው!"

ለካ የዳህላክ ደሴት ልጅ ናቸው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ። በኋላ አሰብ ወደብ ገብተው ጭነት ሲያወርዱ አማርኛውን ያስተማሯቸው የወሎ ሠራተኞች ናቸው። "ለዚህ ነው ስናደድ የደሴ ሰው የምመስለው" ሲሉ እማ ሳቋ አላስበላት አለ።

ታናሽ ወንድሜ ዚያድ በእንግሊዝኛ ሻርክ አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። "ሻርክ እኮ ፈሪ ነው" አሉት በአማርኛ። "እንዳንተ ስልኩ ሥር ነው ሲደበቅ የሚውለው።" ዚያድ ገባው፣ ጆሮው ቀላ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 3

ይህን ቀን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ጋሽ የሱፍ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት የኤርፖርት ጉዞ መካከል ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ቫናቸውን አቁመው ነው ምሳ የሚበሉት። እማ ሳምቡሳ አስይዛ ላከችኝ። ስለ ባሕሩ ጠየቅኳቸው፤ መጀመሪያ ቀለዱ፣ ከዚያ የሻይ ኩባያቸውን፣ ቁልፋቸውንና መቁጠሪያቸውን፣ መስበሃውን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ደረደሩ።

"በኛ አገር መንገድ የሚያዘው በዓይን ነው። ኩባያው ሚናራው ነው እንበል። ቁልፉ ኮረብታው። ሁለቱ አንዱ ባንዱ ጀርባ እስኪደበቅ ትቀዝፊያለሽ። ከዚያ በቀኝሽ ደግሞ የመብራቱ ግንብ ከዚህኛው ደሴት፣ ከመስበሃው፣ ጫፍ ጋር እስኪገጥም። ውሃው አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ይሆንና ድንገት ይጨልማል። እዚያ ነው።"

"እዚያ ምንድን ነው ያለው?"

"ሠርግ።"

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ በታወቀ ወር ጨረቃ ስትሞላ፣ ሰው የሚያካክሉ ዓሦች ከየአቅጣጫው መጥተው እንቁላላቸውን ሊጥሉ እዚያ መርጃን ላይ ይሰበሰባሉ። በሺህ። ቦታውን የሚያውቁት አራት ቤተሰብ ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን ማንም መረብ አይጥልም። "ሠርግ ቤት መረብ ተይዞ አይገባም" ይሉ ነበር አባታቸው። ትልልቅ መረብ ያላቸው መርከቦች ቢያውቁት በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ዓሣ አይኖርም፤ መርጃኑንም የሚያጸዳው ዓሣው ስለሆነ እሱም ይከተላል። ይህን የመጨረሻውን እኔ ማስተርስ ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት!

"ለምን ለኔ ነገሩኝ?" አልኳቸው።

"እኔ ልጅ የለኝም። እዚያ ያለው የወንድሜ ልጅ ያውቃል፣ ጀልባ አለው፣ ይጠብቀዋል። ግን ውሃው እየሞቀ ነው ትላላችሁ። መርጃኑ ታሞ እንደሆነ እሱ በምን ያውቃል? አንቺ ተምረሻል። አንድ ቀን ከሄድሽ እይልኝ። ግን አማና ነው፣ አደራ።"

"አማና" አልኩ።

"ወላሂ በይ አላልኩሽም። መሐላ ለማያምኑት ሰው ነው። አማና ብቻ በይ።"

ደግሜ አልኩ።

ማታ በሳተላይት ካርታ ፈለግኩት። ኩባያውን፣ ቁልፉን፣ ግንቡን ይዤ ሁለት መስመር አሰመርኩ፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች።  የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ያዝኩት። ለራሴ ነው። ማየት መናገር አይደለም።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

ባርት ውስጥ፣ ቆሜ። ካርታ የሚሠሩልን የቴክኖሎጂ ሰዎች ከማውንቴን ቪው መጡ። ገንዘብ ለሚሰጡን ሰዎች የሚታይ የኮራል ካርታ። አንደኛው ልጅ እኔን የሚያህል፣ ጠላቂ ነው፣ ድሮንም ያበራል። ቢሌን በቀልዱ ሁሉ ሳቀች።

ሚቲንግ ላይ ቢሌን፦ "ጃንዋሪ የሚሄድ ሰው ሌላው የሌለውን ነገር ይዞ መምጣት አለበት።" ማንን ማለቷ ነው?

በኋላ ኪችን ውስጥ ስልክ ላይ ስለኔ ስታወራ ሰማኋት። "ሳምራ ደስ የምትል ልጅ ናት፣ ግን…" ማይክሮዌቩ ጮኸ።

ግን ምን?


ዓርብ፣ ኦክቶበር 16

ግን ምን?

ዘጠና ፎቶ ብቻ። ሁለት ቦታ የሞተውን ሕያው ብዬ መዝግቤ ቢሌን አረመችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 19

በችኮላ። ለካርታው የሚሆነውን ሺት፣ የመረጃ ሠንጠረዡን፣ ሞላሁ። "ከአካባቢው ሰው የተገኘ እውቀት" የሚል ዓምድ አለ፣ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር፤ ቁጥሩን፣ ጨረቃዋንና ወሩን አስገባሁበት። ረድፉን ቀይ ቀባሁት፣ ጎኑ ላይ ለሕዝብ አይወጣም ብዬ ጻፍኩ። ቢሌን ብቻ ናት የምታየው።

አየችው። ከወንበሯ ተነሥታ እኔ ጋ ድረስ መጣች። ትከሻዬን ይዛ "ጎበዝ!"

ሁለተኛዋ።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 20

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ላስረዳ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ፣ የማይታወቅ ቦታ ሊጠበቅ አይችልም። ይህን ያለችው ቢሌን ናት፣ እውነቷንም ነው። ጋሽ የሱፍም "ሄደሽ እይልኝ" ነው ያሉት፤ መርከቡ ላይ ካልተሳፈርኩ በምን ላይ? ስለዚህ ያደረግኩት የሳቸውን ጉዳይ ለመፈጸም ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ ቢሌንም እኮ የነሱው ልጅ ናት፤ ለባዕድ አልሰጠሁም። ደግሞ ቀይ ነው።

ከሰዓት ጋሽ የሱፍ ደውለው ነበር። ሚቲንግ ላይ ስለነበርኩ አላነሣሁም።

ሚቲንጉ አልቆ ነበር።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 24

ቴሜስካል። ጋሽ የሱፍ ከሪችመንድ ማሪና ራሳቸው ያጠመዱትን ዓሣ ጠብሰው አመጡ። አጥንቱን እየለቀሙ ነው የሚሰጡኝ። "ብዪ እንጂ፣ ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ ተግደረደርሽ?"

አሞኛል አልኩ። ሎሚ ጨመቁልኝ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 4

የአልጋ ዝርዝሩ ላይ ስሜ አለ!!! ቁጥር 11። ፓስፖርቴን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ። እማ ሱቅ ሱቁን ዞራ የባሕር ማዞር መድኃኒት ገዝታልኛለች፣ ለአንድ ወር ሳይሆን ለአንድ መርከብ ሰው የሚበቃ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 16

ሳን ሆዜ፣ የሆቴል አዳራሽ። ካርታው ተመረቀ።

ግድግዳ የሚያህል ስክሪን። የማውንቴን ቪው ልጅ በጣቱ ሲነካው ዓለም ይዞራል። ቀይ ባሕር መጣ። ወደ ደቡብ። ቀረበ። ቀረበ። ጥፍር የምታህለዋን ጥቁር ነጥብ አወቅኳት፤ የወርቅ ቀለም ክብ ውስጥ ገብታለች፣ በመሐሏ የዓሣ ምልክት። ከሥሯ ቁጥሮቹ አንድም ሳይጎድሉ፣ ጨረቃዋና ወሩ ሳይቀር። "ማንም ሰው ከዛሬ ጀምሮ በስልኩ ማየት ይችላል" አለ ልጁ። ተጨበጨበ። እኔም እያጨበጨብኩ እንደሆነ ያወቅኩት ጎኔ ያለችው ሴትዮ ስትስቅልኝ ነው።

ቢሌንን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። "ቀይ ነበር እኮ! ጻፍኩ እኮ!"

ፋይሉ ሲላክ ቀለም አብሮ አይሄድም አለችኝ። ጽሑፉስ?  ገንዘብ ሰጪዎቹ ከካርታው ሁሉ የወደዱት ያንን ቦታ ነው አለች፣ ይህ ቦታ ባይኖር የሚቀጥለው ዓመት ሥራ አይኖርም ነበር፣ የኔም ጭምር።

"ሰውዬው አምኖኝ ነው የነገረኝ" አልኳት።

ያኔ በአማርኛ መለሰችልኝ። ከዚህ በፊት በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

"አንቺ ነሽ እኮ የሰጠሽኝ።"


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ከዳችኝ።

ሌላ ቃል የለውም። እንደ ታላቅ እህት ነበር የማያት። ጸጉሯን እንደምትይዘው ነበር ጸጉሬን የምይዘው። አምኜ በእጇ ያስቀመጥኩትን ነገር አውጥታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አሰጣችው። ሰው እንዴት ማታ ተኝቶ ያድራል? አንድ ሰው ምሥጢር ሲሰጥሽ፣ ያውም "አይወጣም" ብሎ እየለመነሽ፣ ለራስሽ ጥቅም ብለሽ—

በቃ። አልጨርሰውም።

ከሰዓት ደግሞ ሜይል መጣ። አልጋ ቁጥር 11 ለማውንቴን ቪው ልጅ ተሰጥቷል፣ ጉዞውን በድሮን ስለሚቀርጽ። "በሚቀጥለው ጊዜ እርግጠኛ ነኝ" የሚል አለበት፣ ከፈገግታ ምልክት ጋር።

የማዞር መድኃኒቱ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሏል። እማ አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 21

አራት ቅዳሜ ዝም ብዬ በላሁ፣ ዛሬ ግን አልሄድኩም። እማ ደውላ "ልጅቱ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች" ብላቸው ኖሮ ጋሽ የሱፍ ራሳቸው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎን ተቀመጡ፣ ከጎኔ።

"ቢሌን ቦታውን ካርታ ላይ አወጣችው" አልኩ።

መስበሃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከዚያ "ከየት አገኘችው?"

"ከኮምፒውተር… አየችው።"

"ያንቺ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ?"

ጭንቅላቴን ዝቅ አደረግኩ። ያ አዎ ማለት አይደለም። እሳቸው ግን አዎ አደረጉት።

"ሰረቀችሽ በይኛ! አይዞሽ ልጄ። አይዞሽ። የተሰረቀ ሰው አያፍርም፣ የሰረቀ ነው።" እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ከሥራው አባርረውሽ እንደሆን እኔ እመሰክራለሁ አሉ፤ ወረቀት አምጪ፣ እኔ ልናገር አንቺ ጻፊ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አዙሪው።

ጻፍኩ። "እኔ የሱፍ፣ የባሕር ሰው ልጅ፣ እንዲህ ብዬ እመሰክራለሁ። ቦታው የአራት ቤተሰብ ነው። ከካርታችሁ አጥፉት። ይህች ልጅ አማናዬን አልበላችም።"

የመጨረሻውን ሁለቴ አስነበቡኝ፣ ደስ ብሏቸው። ፈረሙ።

እማ ከኪችን ወጥታ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ከሄዱ በኋላ ሳህኖቹን እያነሣች፣ ሳታየኝ፣ "ኮምፒውተርሽ ቁልፍ የለውም እንዴ?" አለችኝ።

"እማ!"

"መጠየቄ ነው።"


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 28

ቴሜስካል ሄድኩ። ደብዳቤውን በሜይል እልከዋለሁ አልኳቸው። "የለም፣ ሰኞ ራሴ ይዤው እገባለሁ። ወረቀት ጥያቄ ቢጠይቁት አይመልስም። እኔ አፍ አለኝ፣ አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ።"

ሰኞ የአየር ማረፊያ ጉዟቸውን ሰርዘዋል። ለኔ ብለው።

ቤት ገብቼ ሺቱን ከፈትኩ። እያንዳንዱ ረድፍ ማን፣ መቼ እንደጻፈው ያሳያል። ሳምራ፣ ኦክቶበር 19፣ 11:42። ቢሌን ይህን ለማሳየት አንድ ጣት ይበቃታል። ረድፉን ባጠፋው የለውጥ መዝገቡ ላይ "ሳምራ አጠፋች" ብሎ ይጨምራል። ለማየት ነው የሞከርኩት፣ ሴቭ አላደረግኩም።

አሞኛል ብል? በሌላ ቀን ይሄዳሉ። ቢሌን ሥራ ላይ የለችም ብል? ይጠብቃሉ። እሳቸው ኤርፖርት ላይ አራት ሰዓት ሰው የሚጠብቁ ሰው ናቸው።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 30

ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮው በር ላይ ቫኑን አቆሙ። ሱፍ ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተከርክመዋል። ደብዳቤው በፕላስቲክ ውስጥ ነው። በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጋሽ የሱፍ። ቢሌን አልሰረቀችም። የጻፍኩላት እኔ ነኝ።"

ሞተሩን አጠፉ።

"ማን አስገደደሽ?"

"ማንም። ወደ መርከቡ እንዲወስዱኝ ብዬ ነው።"

"መቼ?"

"ኦክቶበር 19።"

በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። "ከዚያ ወዲህ ስድስት ቅዳሜ ነው። ስድስቱንም አጥንት እየለቀምኩ ሳበላሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አንዱን አልመጣሁም" አልኩ። ለምን ይህን እንዳልኩ አላህ ያውቃል።

"አዎ። ያን ቀን እኔ መጣሁ።"

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። አውቶቡስ መጥቶ ሰው አራገፈና ሄደ። ከዚያ ደብዳቤውን ከፕላስቲኩ አውጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት፣ እስክሪብቶም ጨመሩበት።

"መጨረሻ ላይ ያለውን ሰርዢው። ሳላውቅ በፊርማዬ ዋሽቻለሁ። ሌላው እውነት ነው፣ ሌላው ይግባ።"

ሰረዝኩት። ከእንግሊዝኛውም ሰረዝኩ። አብረን ወደ ቢሮው ወጣን።

ቢሌን ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ ቀዳችላቸው። ደብዳቤውን ስታነብ የተሰረዘው ላይ ዓይኗ ቆመ፣ ወደኔ አየች። ቦታውን ከካርታው ለማንሣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሁለት ደቂቃ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልጠየቃትም ነበር፣ እኔም ጭምር። እኔ የተጣላኋት ስለ አልጋው ነበር።

ጋሽ የሱፍ "እስከ ዛሬ ያዩትስ?" አሉ። ተረጎምኩ።

ካርታው ለሕዝብ ክፍት ነበር፣ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተራቸው የገለበጡ አሉ፣ እነማን እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም አለች። ያንንም ተረጎምኩ።

"አመሰግናለሁ በያት" አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ።

ቫኑ ውስጥ ተመልሰን ቁጭ አልን። እወርዳለሁ ብዬ ቦርሳዬን ሳነሣ "ቆይ" አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው የወንድማቸው ልጅ ጋ ደወሉ። እዚያ መሽቷል። መጀመሪያ ሰላምታው ረዘመ፣ ሳቅ ሰማሁ፣ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጋሽ የሱፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በቋንቋቸው ነገሩት። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ቁርአን ቤት ከተማርኩት ዐረብኛ ጋር የሚገጥም ቃል እዚህም እዚያም እይዛለሁ፣ ባሕር፣ ጨረቃ። በዚያኛው በኩል ሳቁ ቆመ። ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ጮኸ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ጠየቀ።

ጋሽ የሱፍ ወደኔ ዞሩ። "ማነው የተናገረው እያለኝ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። ስልኩን እንዲሰጡኝ እጄን ዘረጋሁ።

አልሰጡኝም። ፊታቸውን ወደ መስታወቱ መልሰው "አነ" አሉት። "እኔ ነኝ" ማለታቸው ነው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

 በዚያኛው ጫፍ መስመሩ ተዘጋ። ጋሽ የሱፍ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ ብዙ ቆዩ፣ የሚሰሙት ያለ ይመስል።